ከተመጋቢዎች ቁጥር ባሻገር፤ የተማሪው ሳህንና የመማሪያ ክፍሉ

በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ ወራት ከየትምህርት ቤቱ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞንና ክልል የሚላኩ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርቶች ብዙ ሠንጠረዦችን ይይዛሉ። የተመዘገቡ፣ ያቋረጡ፣ የደገሙና ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወሩ ተማሪዎች በፆታና በዕድሜ ተለይተው ይቀርባሉ። ተማሪው ለምን ደገመ ለሚለው ጥያቄ ግን ሠንጠረዡ መልስ የለውም። መምህሩ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ ተማሪው ትምህርቱን አይከታተልም፣ ያንቀላፋል፣ ይረብሻል፣ ሲጠየቅም አይመልስም ይላል። ወላጅም በበኩሉ ልጄ ሰነፈብኝ ሲል ያማርራል። ሁለቱም የተናገሩት ያዩትን ነው። ይሁን እንጂ ያዩት የልጁ ጠባይ ሳይሆን ባዶ ሆዱ ወይም የደሙ ማነስ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ሦስተኛ ወገን አዘውትሮ አይገኝም።

አገራችን ባለፉት ዓመታት የትምህርት ቤት ምገባን ለማስፋፋት ያደረገችው ጥረት ይህን ጥርጣሬ መነሻ ያደረገ ነው። ምገባው በተጀመረባቸው አካባቢዎች የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ተማሪ ይመገባል የሚለው መሆኑ ተገቢ ነበር። አሁን ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አብረው ሊነሱ ይገባል። ተማሪው የሚመገበው ምንድን ነው? የሚመገበውስ በስንት ሰዓት ነው? የሥነ ምግብ ምርምር ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጣቸው መልሶች ለበጀትና ለዕቅድ ባለሙያዎች ቀጥተኛ ትርጉም አላቸው።

ጉዳዩ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን መሪነት ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር በመተባበር ተካሂዶ በ2005 ዓ.ም ይፋ የሆነው፣ ረሃብ በኢትዮጵያ የሚያስከትለውን ወጪ ያሰላው ጥናት ለዚህ አስረጂ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ የ2009ን መረጃ መሠረት አድርጎ ባቀረበው ስሌት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት በጤና፣ በትምህርትና በሥራ ምርታማነት ላይ ያደረሰው ጉዳት በዓመት 55.5 ቢሊዮን ብር ወይም የአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ እንደሚደርስ አመልክቷል። ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ከሚገኘው ሕዝብ 67 በመቶ የሚሆነው በልጅነቱ የመቀንጨር ችግር ያጋጠመው ነበር። ክፍል ከሚደግሙ ተማሪዎች መካከል 16 በመቶ የሚሆኑት ድገማቸው ከመቀንጨር ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ የቀነጨረ ልጅም ካልቀነጨረው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 1.1 ዓመት ያነሰ ትምህርት እንደሚከታተል ጥናቱ አሳይቷል።

ከዚህ አኳያ ረሃብ ሲባል አንድ ነገር ብቻ አለመሆኑን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ውጤታቸው የሚታየው ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መፍትሔያቸውም በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አይገኝም።

የመጀመሪያው የዕለቱ ረሃብ ነው። አንጎል ከአዋቂ ሰው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም ሰውነት በዕረፍት ላይ ሆኖ ከሚጠቀምበት ኃይል አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ይወስዳል። በልጅነት ይህ ድርሻ ከግማሽ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማታ ጥቂት ቀምሶ ያደረ፣ ጠዋት ምንም ሳይበላ የአንድና የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ የተጓዘ ልጅ ክፍል ሲገባ አንጎሉ በቂ ኃይል አያገኝም። የዚህ ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ ድካም አይደለም። አንዳንዱ ያንቀላፋል፤ አንዳንዱ ይነጫነጫል፤ ሌላው በተቀመጠበት መርጋት ተስኖት ጎረቤቱን ይነካካል። ርቦኛል ብሎ እጁን የሚያወጣ ልጅ ግን አይገኝም። በእኛ ባህል ረሃብን በአደባባይ መናገር ነውር ነው፤ ልጆችም ይህን የሚማሩት ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት ነው።

ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ በቆየ የምግብ እጥረት የሚመጣው መቀንጨር ሲሆን ይህ ችግር ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የሚፈጸም ነው። ወሳኙ ጊዜ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት የልደት በዓል ያለው በመሆኑ ሰባት ዓመት ለሞላው ተማሪ የሚቀርብ ምሳ ያለፈውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ በ2030 ለማስወገድ ግብ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም 58 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2008 ዓ.ም ወደ 38 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ወደ 37 በመቶ ዝቅ ብለዋል። ለውጡ ትልቅ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም የተለኩት ሕፃናት ዛሬ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሞሉት ተማሪዎች መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል። ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆነው ይህን ጫና ተሸክሞ ነው ክፍል የገባው።

ሦስተኛው ባለሙያዎች ድብቅ ረሃብ የሚሉት ነው። ልጁ ሆዱ ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ብረት፣ አዮዲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤን የመሳሰሉ ንጥረ ምግቦች ይጎድሉታል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከሚገኙ ሕፃናት 57 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የብረት እጥረት ብቻ ባይሆንም ዋነኛው ምክንያት እሱ ነው። ብረት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ንጥረ ነገር አካል ከመሆኑም በላይ በአንጎል ውስጥ መልእክት ለሚያስተላልፉ ኬሚካሎች መሠራት ያስፈልጋል። ብረት ያነሰው ልጅ ቶሎ ይደክማል፣ አዲስ ነገር አያጓጓውም፣ የሰማውን መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ልጅ አይረብሽም፤ በመሆኑም መምህሩ ዓይን አይገባም። ጨዋ ተማሪ ተብሎ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የአዮዲን ጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ትምህርት ሰጪ ነው። እንቅርት በደጋማው የአገራችን ክፍል ለዘመናት የታወቀ ሕመም ቢሆንም አዮዲን ማነስ አንገት ከማበጥ ይልቅ በአንጎል ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይከፋል። ቀደም ሲል ለአገሪቱ ገበያ ይቀርብ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው የሚመጣው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1990 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ጦርነት ያን መስመር ሲዘጋ አቅርቦቱ ወደ አፋር ክልል፣ በተለይም ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ፤ በአፍዴራ የሚመረተው ጨው ደግሞ አዮዲን የሚጨመርበት አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2011 በተካሄደ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ በ2016 ይኸው አሐዝ 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ የሥነ ምግብ እርምጃ ብዙ አይገኝም። ይህም የሆነው የእያንዳንዱን እናት የግዢ ልማድ በመለወጥ ሳይሆን ጥቂት አምራቾች ላይ ያተኮረ ደንብ በሥራ ላይ በማዋል ነው። እርግጥ ነው፣ ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ ይለያያሉ። በፀሐይና በዝናብ ላይ ክፍት ሆኖ የሚሸጥ ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥም ጨው ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አለበት። ለምግብ አብሳይ ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ምግብ በመማር ላይ የሚያመጣው ለውጥ በጥናት ተለክቷል ወይ ለሚለው መልሱ አዎን ነው። ከሌሎች አገሮች ከተገኙት ማስረጃዎች መካከል ሁለቱ ለእኛ ሁኔታ ቅርብ ናቸው።

አንደኛው የጃማይካ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ በዚያች አገር ገጠር በሚገኙ 16 ትምህርት ቤቶች ከ800 የሚበልጡ ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለአንድ የትምህርት ዓመት በየቀኑ ቁርስ ሲሰጣቸው ሌሎቹ የብርቱካን ሩብ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ቁርስ የበሉት ተማሪዎች ከትምህርት ቤት መቅረት ቀንሰው፣ በቁመትና በክብደት ጨምረው የተገኙ ሲሆን በዕድሜ ያነሱት ደግሞ በሒሳብ ትምህርት ተሻሽለዋል። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ውጤት ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎች በአራት ትምህርት ቤቶች ቁርስ ከተበላ በኋላ የተማሪዎችን የክፍል ውስጥ ጠባይ ተመለከቱ። በቂ መቀመጫና ለየክፍሉ የተለየ ቦታ ባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ይበልጥ ተረጋግተው ሥራቸው ላይ አተኮሩ። የተደራጀ ክፍል በሌላቸው ሦስቱ ትምህርት ቤቶች ግን ጠባያቸው ባሰበት። ነገሩ ሲታሰብ እንግዳ አይደለም። የበላ ልጅ ጉልበት ያገኛል፤ ያ ጉልበት የሚሠራበት መጽሐፍ፣ መቀመጫና የሚያሠራው መምህር ካላገኘ ወደ ጫጫታ ይሄዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያና ዘጠና ተማሪ ያስተማረ መምህር ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በኢምቡ አካባቢ በሚገኙ 12 ትምህርት ቤቶች ከ1998 ጀምሮ እ.ኤ.አ በተካሄደው ሙከራ ከበቆሎና ከቦሎቄ የሚዘጋጀው የአገሬው ምግብ በሦስት መንገድ ቀረበ። ለአንዱ ቡድን ሥጋ፣ ለሌላው ወተት፣ ለሦስተኛው ዘይት ተጨመረበት። አራተኛው ቡድን በጥናቱ ወቅት ምግብ አልተሰጠውም። ለሦስቱ ቡድኖች የቀረበው ምግብ የሚሰጠው ኃይል እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በመጨረሻ ሥጋ ያገኙት ልጆች በማሰብ ችሎታ መለኪያና በትምህርት ቤት ፈተና ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የጨዋታ ሜዳው ነው። ሥጋ የበሉት ልጆች ይበልጥ ሲሯሯጡ፣ ጨዋታ ሲጀምሩና ሌሎችን ሲመሩ ታይተዋል። የሦስቱም ቡድኖች ሆድ በእኩል ሞልቶ ሳለ ልዩነት ያመጣው በሥጋው ውስጥ ያለው በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያምናሉ። ይህ ማለት በየትምህርት ቤቱ ሥጋ ይቅረብ ማለት አይደለም፤ አቅሙ የለም። ሆድ መሙላትና ልጅን መመገብ ግን አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

በአገራችን የትምህርት ቤት ምገባ እ.ኤ.አ በ1994 በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት የምግብ ዋስትናቸው ባልተረጋገጠ አካባቢዎች ሲካሄድ ቆይቷል። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ለሴት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ለመከታተላቸው ማበረታቻ የሚሆን የምግብ ዘይት ወደ ቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ መደረጉም ይታወሳል። እ.ኤ.አ ከ2012 ወዲህ ደግሞ ግብዓቱን ከአካባቢው አርሶ አደሮች በመግዛት የሚካሄደው ምገባ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ በረሃብ ተዝለፍልፈው መውደቃቸው በመገናኛ ብዙኃን ሲነገር ከቆየ በኋላ የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ጀምሮ በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀምሯል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተጠቃሚ ሲሆኑ፣ ምግቡን የሚያበስሉት በየአካባቢው የተደራጁ እናቶችም የገቢ ምንጭ አግኝተዋል። ከውጭ እርዳታ ሳይጠበቅ በከተማ በጀት ይህን ያህል ስፋት ያለው ሥራ መሥራት በአፍሪካ ከተሞች ዘንድ የተለመደ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የበጀት ባለሙያው ሚና ወሳኝ የሚሆነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ብር በዓመቱ መጀመሪያ ይወሰናል። የምስር፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ግን ያን ውሳኔ አያውቅም። ዋጋ ሲጨምር አቅራቢውም ሆነ አብሳይዋ ያላቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ የተመጋቢውን ቁጥር መቀነስ ወይም ሳህኑን ማቅለል። የተመጋቢ ቁጥር በየወሩ ሪፖርት ይደረጋል፤ የወጡ ውፍረት ግን አይደረግም። በመሆኑም ማንም በክፋት ሳያስበው ሽሮው ይቀጥናል፣ ምስሩ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው አንድ ቀን ይሆናል፣ ዘይቱ ይጠፋል፣ እንቁላሉም ከዝርዝሩ ይወጣል። እንጀራውና ዳቦው ይቀራል። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ተሳክቷል እያለ ልጁ በኬንያው ጥናት ካልተመገቡት ልጆች ወደማይርቅበት ደረጃ ሊመለስ ይችላል። የሚለካው ቁጥር ብቻ ከሆነ የሚጠበቀውም ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሕንድ ይህን ችግር ለመከላከል የሄደችበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር ወር 2001 እ.ኤ.አ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ ሲያዝ የተመጋቢውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የምግቡን ዝቅተኛ ይዘትም አብሮ ወስኗል። በኋላ ተሻሽሎ በወጣው መመሪያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቢያንስ 450 ኪሎ ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን፣ ከፍ ያለው ደግሞ 700 ኪሎ ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ተደንግጓል። በግራም የተጻፈ ግዴታ ዋጋ ሲጨምር በጀቱም እንዲጨምር ለመጠየቅ መነሻ ይሆናል። ከዚያችው አገር የሚወሰድ ሌላ ትምህርትም አለ። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ በቢሃር ግዛት በፀረ ተባይ መድኃኒት የተበከለ የትምህርት ቤት ምሳ 23 ሕፃናትን ገድሏል። የንብረት ክፍል ኃላፊ የዘይት ጀሪካንንና የኬሚካል ዕቃን በአንድ መጋዘን የማያስቀምጥበት ምክንያት ከዚህ በላይ ሊገለጽ አይችልም።

የሰዓቱ ጉዳይም ከይዘቱ አያንስም። በብዙ ከተሞቻችን ትምህርት በፈረቃ ይሰጣል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ምግብ የሚያገኘው ስድስት ሰዓት ላይ ከሆነ ምግቡ የሚደርሰው ሒሳቡና ንባቡ ካለፈ በኋላ ነው። ለቤተሰቡ እፎይታ፣ ለልጁም ዕድገት ይጠቅም ይሆናል፤ ለዕለቱ ትምህርት ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት የሚቀርብ ቀለል ያለ ገንፎ ወይም ቂንጬ ከቀትሩ ሙሉ ምሳ ይልቅ በክፍል ውስጥ የሚታይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ተጨማሪ በጀት ሳይሆን የሰዓት ሠሌዳ ማስተካከልና የአብሳዮችን የሥራ መግቢያ ሰዓት መለወጥ የሚጠይቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ በራሱ ሥልጣን ሊወስነው የሚችለውም ብዙ ነው።

በአቅም ውስጥ ሆኖ ሳህኑን ማሻሻል ይቻላል ወይ? የምግብ ባህላችን ለዚህ የሚበቃ ሀብት አለው። ጤፍ በብረት ይዘቱ ይታወቃል። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ የሚገኘው ብረት ግን ፋይቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማቡካታቸው ይህን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል፤ ምስርና ባቄላን ዘፍዝፎ ማብቀልም እንዲሁ። ከምግቡ ጋር በቫይታሚን ሲ የበለፀገ ነገር፣ ለምሳሌ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢቀርብ የብረቱን መመጠጥ ያሳድጋል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በከተሞቻችን የብዙ ልጆች ቁርስ የሆነው ዳቦ በሻይ ከእነዚህ ሁሉ ጥምረቶች ደካማው ነው፤ ዳቦው ጥቂት ብረት ይሰጣል፣ ሻይውም ያንኑ ጥቂት ይከለክላል። ሻይው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ርቆ ቢጠጣ ወይም በትምህርት ቤት ቁርስ ላይ በውኃ ቢተካ ወጪ የለውም።

የጾም ወቅቶችም በዕቅድ ውስጥ መግባት አለባቸው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆኑ ተማሪዎች በሚበዙባቸው አካባቢዎች ለወራት እንቁላልና ወተት ከሳህኑ ላይ ይነሳሉ። ይህ በራሱ ችግር የለውም። የጾሙ ምግብ ሽሮ ብቻ እንዳይሆን፣ ምስሩ፣ ሱፉ፣ ተልባውና ጎመኑ ተፈራርቆ እንዲቀርብ በቅድሚያ መግዛትን ይጠይቃል። ግዢው ዓቢይ ጾም ከገባ በኋላ ከታሰበ ግን የምስር ዋጋ ንሮ ይገኛል። የግዢ ባለሙያው የዘመን መቁጠሪያውን ከወጥ ቤቱ እኩል ሊያውቀው ይገባል።

በሌላ በኩል ስለ ምግብና ጠባይ በሕዝብ ዘንድ የተሰራጨ አንድ እምነት እርማት ያስፈልገዋል። በተለይ በከተሞች ወላጆች ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ልጆችን ያቅበጠብጣል ይላሉ። እ.ኤ.አ በ1995 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው፣ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ስኳር በልጆች ጠባይም ሆነ በማሰብ ችሎታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ ደምድሟል። ስለ አንዳንድ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያዎች ያለው ማስረጃ ግን ይለያል። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የ2007 እ.ኤ.አ ጥናት የተወሰኑ ማቅለሚያዎችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተቀላቀለበት መጠጥ በአንዳንድ ልጆች ላይ እረፍት የለሽነትን እንደሚጨምር አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ ጀምሮ በጥናቱ የተጠቀሱት ስድስት ማቅለሚያዎች የሚገኙባቸው ምግቦች በልጆች ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው አስገድዷል። በትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጡት ባለ ደማቅ ቀለም ጣፋጮች ዋነኛ ጉዳት ግን ከዚህ ይቀድማል። ወላጅ ለቁርስ ብሎ የሰጠው ብር እነሱ ላይ ያልቃል፤ ጥርስም ይጎዳል። በር ላይ የተቀቀለ ድንች፣ ቆሎና ሙዝ የሚሸጡ እናቶች ቦታ እንዲያገኙ ማድረግ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ከባድ ሥራ አይሆንም።

ከምግቡ ጎን ለጎን በሆድ ውስጥ ያለው ተቀናቃኝም ሊታሰብ ይገባል። የመንጠቆ ትልና ሌሎች የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች ለልጁ የቀረበውን ብረትና ፕሮቲን ይሻሙታል። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በትምህርት ቤቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ዘመቻ ከምገባው ጋር ተቀናጅቶ ሲካሄድ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ንጹሕ ውኃና መፀዳጃ በሌለበት ግቢ ግን ልጁ መድኃኒቱን በወሰደ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይያዛል። የጤና፣ የትምህርትና የውኃ ጽሕፈት ቤቶች በየራሳቸው ዕቅድ ሲሠሩ የአንዱ ውጤት በሌላው ጉድለት ሲጠፋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የምገባውን ጥራት ለመከታተል አዲስ መዋቅር መፍጠር አያስፈልግም። በየወሩ በሚላከው የምገባ ሪፖርት ላይ ከተመጋቢዎች ቁጥር ቀጥሎ ምግቡ የቀረበበት ሰዓት፣ በሳምንቱ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ዘይት ያለበት ምግብ የቀረበባቸው ቀናት ብዛት እንዲሁም ለአንድ ተማሪ የወጣው የምስርና የዘይት መጠን በግራም የሚሞሉባቸው ጥቂት ዓምዶች ቢጨመሩ የወረዳው ባለሙያ የሳህኑን መቅለል ከተማሪው ውጤት በፊት ሊያየው ይችላል። የጨው መመርመሪያ ጠብታ በአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቢኖር ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ይበቃል። ሚዛንና የቁመት መለኪያም በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ይገኛል። የየክፍሉ ተማሪዎች በምዝገባ ወቅት በነሐሴ መጨረሻ፣ ከዚያም በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መግቢያ ቢለኩ ሁለቱን አሐዞች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል። የደገሙ ተማሪዎች ዓምድም በዚያው ገጽ ላይ ይቀመጣል።